«አቋሙ ወርዷል» ከማለታችን በፊት

ይህ በሜልበርን ፉትስክሬይ፣ በማኅበረሰባችን የቅዳሜ ከሰዓት ስብሰባ ላይ ያደረግሁት ንግግር ነው። ከስልክ ከተቀዳው ድምፅ ላይ እንዳለ ተገልብጧል፤ ያወጣሁት የተደጋገሙ ጥቂት ቃላትን ብቻ ነው።

ጤና ይስጥልኝ! እናቶች፣ አባቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ ልጆችም፣ እንደምን ዋላችሁ?

እግዚአብሔር ይመስገን። ከኋላ የቆማችሁ ወደ ፊት ኑ፣ እዚህ ጋ ወንበር አለ። ጋሼ፣ እርስዎም ጠጋ ይበሉ፤ ድምፅ ማጉያው ዛሬ ደከም ብሏል።

አዘጋጆቹ ደውለው «ስለ ፉቲ ተናገርልን»፣ ስለ አውስትራሊያው እግር ኳስ ማለታቸው ነው፣ ሲሉኝ ደስ አለኝ። ሃያ ዓመት ሊሆነኝ ነው የዌስተርን ቡልዶግስ ደጋፊ ከሆንኩ። እዚህ ሰፈር ለምትኖሩ ማስረዳት አያስፈልግም፤ የክለቡ ሜዳ ዊተን ኦቫል የእንጀራ መግዣችን ጎረቤት ነው። ልጆቻችን ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ ሹራብ ለብሰው ነው ያደጉት። ግን ዛሬ ማን ያሸንፋል፣ ማን ዋንጫ ይበላል ልላችሁ አልመጣሁም። ስለ ተጫዋቾች አቋምና ስለ ጉዳት ነው የማወራው። ሦስት ነገር አነሳለሁ። አንደኛ፣ አቋም የምንለው ነገር ምንድነው? ሁለተኛ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር የ2016ቱ ቡድናችንና አምበሉ። ሦስተኛ፣ ጭንቅላት። ከዚያ ስለ ልጆቻችን አንድ ነገር ተናግሬ እወርዳለሁ።

ለእናቶች ጨዋታውን በአጭሩ ላስረዳ። አንዳንዶቻችሁ «ያ በእጅም በእግርም የሚጫወቱት ሞላላ ኳስ» ነው የምትሉት፤ ልክ ናችሁ። ሜዳው ሞላላ ነው፣ ኳሱም ሞላላ ነው። ሜዳ ላይ 18 በ18 ሆነው ይሰለፋሉ። አራት ምዕራፍ አለው፤ እያንዳንዱ 20 ደቂቃ ነው ይባላል፣ የባከነው ሰዓት ሲጨመርበት ወደ 30 ይጠጋል። መሀል ሜዳ የሚጫወት ልጅ በአንድ ጨዋታ ከ12 ኪሎ ሜትር በላይ ይሮጣል። ኦፍሳይድ የለም። ኦፍሳይድ የለም ማለት ምን ማለት ነው? ከፊትህም፣ ከጎንህም፣ ከጀርባህም ይመጡብሃል ማለት ነው። ዓይንህን ሰማይ ላይ ሰቅለህ ኳሱን ስትጠብቅ ማን እየመጣብህ እንደሆነ አታይም። እንደዚያም ሆኖ ትዘላለህ። የብዙዎቹ ራስ ላይ መከላከያ የለም፣ ቅልጥም ላይም የለም። ያለው ቁምጣና እጅጌ የሌለው ሹራብ ነው።

እንግዲህ ወደ አንደኛው ልግባ።

አቋም ምንድነው? ሰኞ ጠዋት ሥራ ቦታ ሻይ ላይ ስንገናኝ ምንድነው የምንባባለው? «እገሌ አቋሙ ወርዷል።» «እገሌ አበቃለት።» «ይሄንን ልጅ ለምን አይቀይሩትም?» አይደለም? እኔም ብያለሁ። ብዙ ጊዜ ብያለሁ። አሁን ግን ዓመታት አይቼ የገባኝ ነገር አለ፦ አቋም ወረደ ከምንለው ውስጥ ትልቁ ክፍል ያልተነገረን ጉዳት ነው። የማይነገረንም በክፋት አይደለም። ክለቡ የጉዳት ዝርዝሩን በየሳምንቱ ያወጣል፤ ጉልበት፣ ባት፣ የጭን የኋላ ጡንቻ፣ ትከሻ እያለ። ዝርዝሩ ላይ ያለው ግን መጫወት ያልቻለው ብቻ ነው። እያመመው የሚጫወተው ስሙ እዚያ የለም። እሱ ሜዳ ላይ ነው። እኛም እሱን ነው «ምነው ዘንድሮ ከበደ?» የምንለው።

ያሬድን... ይቅርታ፣ ስም አልጠራም፣ እዚህ የተቀመጠ ጓደኛዬ ነው። በ2025 መጀመሪያ ላይ «ዘንድሮ ቡልዶግስ ምን ነካው?» ሲለኝ ነበር። ምን ነካው? አምበላችን ማርከስ ቦንተምፔሊ በባት ጉዳት የመጀመሪያዎቹን ጨዋታዎች ውጭ ሆኖ ጀመረ። በ2024 የዓመቱ ምርጥ ቡድን ውስጥ የገባው አዳም ትሬሎር በዓመቱ ባቱ አሠረው። ያ ረጅሙ ልጅ ሳም ዳርሲ ጉልበቱን ተጎድቶ ለሳምንታት ከሜዳ ራቀ። 14 ጨዋታ አሸንፈን 9ኛ ሆነን ጨረስን፤ ለዋንጫ ወደሚደረገው ማጣሪያ ያን ዓመት የሚያልፉት ደግሞ 8 ነበሩ። በአንድ ደረጃ! አንድ ባት፣ አንድ ጉልበት የአንድን ቡድን ዓመት ይወስናል። ባት ደግሞ ተንኮለኛ ነው። አጥንት ሲሰበር ሁሉም ሰው ያያል፣ ያዝናል፣ ይታገሣል። ባት ግን ዛሬ ዳነ ስትል ነገ ስትፈጥን ይይዝሃል። የጭን የኋላ ጡንቻም እንደዚያው ነው፤ በዚህ ጨዋታ ውስጥ ከሁሉም በላይ ተጫዋች ከሜዳ የሚያስወጣው እሱ ነው። አንዴ የተጎዳ ጡንቻ ደግሞ ሁለተኛ ለመጎዳት ቅርብ ነው።

ይህንን ነገር እኛ ኢትዮጵያውያን ከማንም በላይ ልናውቀው ይገባን ነበር። ለምን? ቀነኒሳን አይተናላ! እስኪ አስታውሱ። ባቱን ታሞ 2010ን ከሞላ ጎደል ሙሉውን ሳይሮጥ ቀረ። በ2011 ዴጉ ላይ ለ10,000 ሜትር ቆመ፣ ሁላችንም ቴሌቪዥን ላይ አፍጥጠናል፣ ሳይጨርስ ወጣ። ያን ቀን እኔ የነበርኩበት ቤት ውስጥ ምን ተባለ? «አበቃለት።» አንድ ሰው አይደለም ያለው፣ ቤቱ ሙሉ ነው ያለው። ሦስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ ብራስልስ ላይ 26 ደቂቃ ከ43 ሰከንድ ሮጠ። በ2019 በርሊን ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ከ41 ሰከንድ ጨረሰ፤ ከዓለም ክብረ ወሰን በ2 ሰከንድ ብቻ ዘግይቶ። በሁለት ሰከንድ! ያንን ሰው ነው ከስምንት ዓመት በፊት ሶፋ ላይ ተቀምጠን የቀበርነው።

እዚህ ላይ ከራሴ ሕይወት ልንገራችሁ። ስለ ሁለት ነገር ነው፣ አንዱ አጭር ነው።

አጭሩ ይሄ ነው። ወደዚህ አገር እንደመጣሁ በምዕራቡ በኩል አንድ መጋዘን ውስጥ ዕቃ እለቅም ነበር። ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ በሰዓት ስንት ካርቶን እንደለቀምክ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ወገቤን ተጎዳሁ። ሥራዬን እንዳላጣ ፈርቼ ሳልድን ተመለስኩ፣ ለማንም አልነገርኩም። ቁጥሬ ወረደ። አለቃው ግድግዳው ላይ ያለውን ወረቀት እያሳየኝ «ምነው ሰነፍክ?» አለኝ። ሰነፍክ! ጫማዬን ለማሰር ጎንበስ ማለት ያቃተኝ ሰው ነኝ። ያን ቀን ማታ ቤት ገብቼ ጨዋታ ስከፍት፣ አስተያየት ሰጪው ስለ አንድ ተጫዋች «በዚህ ዓመት የነካው ኳስ ቁጥር ቀንሷል» ሲል ሰማሁ። በፊት ቢሆን «እውነቱን ነው» እል ነበር። ያን ቀን ግን «ምኑን አሞት ይሆን?» አልኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ቁጥር ባየሁ ቁጥር እንደዚያ ነው የምለው።

ሁለተኛው ከዚያ በፊት የሆነ ነው፤ ተክለሃይማኖት፣ ልጅ ሆኜ። ታላቅ ወንድሜ የሰፈራችን ቡድን አጥቂ ነበር። እንደሱ የሚሮጥ አልነበረም። አንድ ቀን አቧራማው ሜዳ ላይ ሲዞር ጉልበቱ ከዳው። እኛ ከዳር ሆነን «ቋ» የሚል ድምፅ ሰምተናል። ወጌሻ ቤት ወሰዱት፤ በቅቤ አሹት፣ በጨርቅ ጠፍረው አሰሩት። ወጌሻውን አልወቅስም፣ በሚያውቀው ነው ያከመው፣ ስንቱን ወለምታ ያቃናም ሰው ነው። በሦስተኛው ሳምንት የሰፈሮች ፍጻሜ ደረሰ። እኛ ልጆች ተሰብስበን ደጃችን ላይ መጣን፤ ስሙን እየጠራን፣ እያጨበጨብን። እናቴ በሩ ላይ ቆማ «ልጄን ተዉት!» ትላለች። እሱ ከውስጥ ይሰማናል። ከሚጮኹት አንዱ እኔ ነኝ፤ የገዛ ወንድሙ። ወጣ። ቁምጣውን ለብሶ እያነከሰ ወጣ፣ እኛም ዘለልን። ጨዋታው ተጀምሮ ብዙም ሳይቆይ ማንም ሳይነካው ወደቀ። ከዚያ ወዲህ ኳስ አልነካም። ዛሬ ከሃምሳ ዓመት በላይ ነው፤ አዲስ አበባ ስሄድ ደረጃ ሲወርድ አየዋለሁ፣ በጎኑ ነው የሚወርደው፣ አንድ እጁ ግድግዳ ላይ ነው። አንድም ቀን አልወቀሰኝም። ግን አየዋለሁ።

አሁን አንድ ደጋፊ «ይሄ ተጫዋች መቼ ነው የሚመለሰው? በቃ ይመለስ እንጂ!» ሲል ስሰማ፣ ያ በራችን ላይ የነበረው ጭብጨባ ነው የሚሰማኝ።

[ጸጥታ]

እሺ። ወደ ሁለተኛው።

ቡድናችን የተመሠረተው በ1877 ነው፣ እዚሁ ፉትስክሬይ። በትልቁ ሊግ ዋንጫ ያነሳው በ1954 አንድ ጊዜ ብቻ ነበር። ከዚያ 62 ዓመት ጠበቀ። ስልሳ ሁለት ዓመት! አባት ለልጅ፣ ልጅ ለልጅ ልጅ «ዘንድሮ» እያለ። በ2016 አምበላችን ቦብ መርፊ ነበር። 33 ዓመቱ ነው፣ ቀጠን ያለ፣ ጸጉሩ የተንጨባረረ፣ ወደፊት ሲሮጥ የሚንሳፈፍ የሚመስል። ዕድሜውን ሙሉ የለበሰው አንድ ሹራብ ነው። ቡድኑ ወጣት፣ ፈጣን፣ ደስ የሚል ነበር፤ ሁላችንም «መርፊ ሳያቆም ዋንጫ ያያል» እንል ነበር። በሦስተኛው ሳምንት፣ ዶክላንድስ ስታዲየም፣ ከሃውቶርን ጋር። ጨዋታው በ3 ነጥብ ልዩነት ነው ያለቀው፣ እኔ እዚያው ነበርኩ፣ ከልጄ ጋር። በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ላይ መርፊ ወደቀ። ጉልበቱን ይዞ ነበር። ተጫዋቹ ገና ሳይመረመር ፊቱ ይነግርሃል፤ እሱ አውቆታል፣ በ2006 በሌላ ጊዜ ይኸው ነገር ደርሶበት ነበርና። የጉልበቱ የፊት ጅማት ተበጥሷል። ይህ ማለት ቀዶ ጥገና፣ ከዚያ ወደ አንድ ዓመት የሚጠጋ ጊዜ ከሜዳ ውጭ። በባቡር ስንመለስ ፉርጎው ሙሉ ቀይና ሰማያዊ የለበሰ ሰው ነው፣ የሚያወራ አልነበረም። ልጄ የዚያን ጊዜ ትንሽ ናት። «አባዬ፣ ሞተ እንዴ?» አለችኝ።

እና በዚህ አላበቃም። በሐምሌ ከሴንት ኪልዳ ጋር በነበረው አንድ ጨዋታ ብቻ ሚች ዎሊስ እግሩ ተሰበረ፣ ጃክ ሬድፓዝ ደግሞ የጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ። በአንድ ቀን፣ በአንድ ጨዋታ! ዎሊስና ቶም ሊበራቶሬ አብረው ያደጉ ልጆች ናቸው፤ የሁለቱም አባቶች ለዚሁ ክለብ ተጫውተዋል። ሊበራቶሬ ጓደኛው በቃሬዛ ሲወጣ ያለቀሰውን ማን ይረሳል? በኋላም ሊበራቶሬ ራሱ ተጎዳ፣ ጃክ ማክሬም ተጎዳ። በዚያ ወቅት እኛ ደጋፊዎች ምን ስንል ነበር? «አለቀ።» 7ኛ ሆነን ነው ወደ ማጣሪያው የገባነው። ከ7ኛ ደረጃ ተነሥቶ ዋንጫ የበላ ቡድን በታሪክ አልነበረም።

ታዲያ ምን ተለወጠ? ብዙ ሰው መንፈስ ነው ይላል፣ ወኔ ነው ይላል። ወኔው ነበረ፣ አልክድም። እኔ ግን አንድ ሌላ ነገር አነሳለሁ፤ ሰው ሲያነሳው ብዙም አልሰማም። በዚያ ዓመት ሊጉ ከማጣሪያው በፊት ለሁሉም ቡድን የአንድ ሳምንት ዕረፍት ጨመረ። አዲስ ነገር ነበር። በዚያች ሳምንት ማክሬ ደረሰ፣ ሊበራቶሬ ደረሰ። አንድ ሳምንት! ፐርዝ ድረስ ሄደው ዌስት ኮስትን በ47 ነጥብ አሸነፉ። አቋማቸው በአንድ ሳምንት ተሻሻለ እንበል ወይስ አካላቸው አረፈ? ሰዎቹ ያው ናቸው። ችሎታቸው ያው ነው። የተጨመረው ዕረፍት ነው። ከዚያ ሃውቶርንን፣ ከዚያ ሲድኒ ላይ ጂ ደብሊው ኤስን በ6 ነጥብ።

ፍጻሜው ጥቅምት 1 ቀን 2016፣ ቅዳሜ። በእኛ መስከረም 21፣ የግሸን ማርያም ዕለት ነው። ባለቤቴ ከቤተ ክርስቲያን ነጠላዋን እንደለበሰች ነው መጥታ ቴሌቪዥኑ ፊት የተቀመጠችው። ትልቁ የሜልበርን ስታዲየም፣ ኤም ሲ ጂ ላይ 99,981 ሰው ገብቷል። የሲድኒ ስዋንስ ቡድን ከባድ ነበር፣ ባዲ ፍራንክሊን አለ። በመጨረሻው ምዕራፍ ያቺን ቅጽበት ላሳያችሁ። ፍራንክሊን ኳስ ይዞ ሊዞር ሲል ዴል ሞሪስ ከጎን መጥቶ ያዘው፤ ያዘው፣ ጎትቶ ጣለው። ኳሱ ፈለቀ። ቶም ቦይድ አነሳው፣ ከሩቅ፣ ከ50 ሜትሩ መስመር ውጭ መታው። ግቡ ውስጥ ማንም የለም። ኳሱ መሬት ነካ፣ ነጠረ፣ ሞላላ ኳስ ወዴት እንደሚነጥር አታውቅም፣ ሁላችንም ቆመናል፣ ነጠረ፣ ገባ። ባለቤቴ እልል አለች። 89 ለ67 ነው ያለቀው።

አሁን እነዚያን ሁለት ሰዎች ልብ በሉልኝ። ሞሪስና ቦይድ። ዴል ሞሪስ በዚያ ወር የተጫወተው የጀርባ አጥንቱ ተሰንጥቆ እንደነበር ያወቅነው ዋንጫው ካለቀ በኋላ ነው። ከኋላ ሆነን «ዛሬ ሞሪስ ቀርፈፍ አለ» ያልነው ስንቶቻችን ነን? እጃችሁን አታውጡ፣ ለራሳችሁ መልሱ። ቶም ቦይድ ደግሞ በ2013 በምልመላው አንደኛ ሆኖ የተመረጠ ልጅ ነው፤ ገና በ19 ዓመቱ በሰባት ዓመት ውል፣ በብዙ ገንዘብ ነው የመጣው። ስለ ገንዘቡ ያልተባለ የለም። ኳስ በሳተ ቁጥር ደሞዙ ይነሳል። በዚያች ቅዳሜ ሦስት ግብ አገባ። በ2017 በመንፈስ ጭንቀት ሕመም ዕረፍት ወሰደ፤ ራሱ በግልጽ ተናግሮታል። በ2019፣ በ23 ዓመቱ፣ ከውሉ የቀረውን ትቶ ጨዋታ አቆመ። 23 ዓመት! ይህን ሰው ነው አቋሙ ይዋዥቃል ስንል የነበረው። ጉዳት ማለት በቃሬዛ የሚወጣው ብቻ ነው ያለን ማነው?

መርፊስ? መርፊ የዚያን ቀን ከሜዳው ዳር ነው። ጉልበቱ ተጠግኖ፣ እያጨበጨበ። የጓደኞቹን ደስታ እያየ፤ ዕድሜ ልኩን የጠበቀው ነገር በዓይኑ ፊት፣ እጁ ግን አይደርስበትም። ሽልማቱ ተጀመረ። ተጫዋቾቹ አንድ በአንድ እየወጡ ሜዳሊያ ተቀበሉ። አሰልጣኙ ሉክ ቤቨሪጅ የአሰልጣኝነት ሜዳሊያውን አንገቱ ላይ አጠለቀ። ከዚያ ማይክራፎኑ ጋ ቆሞ ቦብ መርፊን ጠራው። ሜዳሊያውን ከራሱ አንገት ላይ አወለቀና መርፊ አንገት ላይ አጠለቀለት። አንድ መቶ ሺህ ሰው ፊት። እኔ ቤቴ ውስጥ ነኝ፣ ሶፋው ላይ አይደለሁም፣ ወለሉ ላይ ተንበርክኬያለሁ። ከዚያ መርፊና በዚያ ዓመት ቡድኑን በሱ ፋንታ የመራው ኢስተን ውድ ዋንጫውን ከአሰልጣኙ ጋር አብረው አነሡት። መርፊ በኋላ ሜዳሊያውን መለሰ፤ የክለቡ ቅርስ ሆኖ ነው የተቀመጠው። እሱም በሚቀጥለው ዓመት ተመልሶ ተጫውቶ፣ 312 ጨዋታ ሞልቶ በ2017 አቆመ። ዋንጫ ያለበት ጨዋታ ግን የለውም።

ቤቨሪጅ ያደረገውን ነገር እኔ ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ። ሰውየው የተጎዳውን ሰው ከቡድኑ አልቀነሰውም። እኛ ግን በየሳምንቱ እንቀንሳለን፤ «እሱን እርሳው፣ ዓመቱ አልቋል፣ ሌላ ይፈለግ» እንላለን።

ስለ ጉልበት ካነሳሁ አሌክስ ጆንሰንን ሳልጠራ አላልፍም። የሲድኒ ተከላካይ ነው፣ በ2012 ዋንጫ በላ። ከዚያ ጉልበቱ ተበጠሰ። ተጠገነ፣ ተበጠሰ። ተጠገነ፣ ተበጠሰ። አምስት ጊዜ ተጠገነ። 2,136 ቀን ጠብቆ በ2018 ተመለሰ። ስድስት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ነው የቀረው። በተመለሰበት ቀን ጓደኞቹ ሊበሉት ነበር በደስታ። በሁለተኛው ጨዋታው፣ ኤም ሲ ጂ ላይ፣ የሌላኛው እግሩ ጉልበት ተበጠሰ። ... ይህን ስናገር ዛሬም ይከብደኛል። የጊሎንጉ ዳንኤል መንዘልም አራት ጊዜ ጉልበቱ ተጠግኖ ወደ አራት ዓመት ከጠበቀ በኋላ በ2015 ተመልሶ በተመለሰበት ጨዋታ አራት ግብ አግብቷል። አንዱ እንደዚያ፣ አንዱ እንደዚህ። የሁለቱም ልፋት ግን አንድ ነው፤ ማንም በማያያቸው ጂም ውስጥ ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ።

የኛው አፈር ላይ የተወለደም አለ። ቻንግኩት ጂያት። ቤተሰቦቹ ከደቡብ ሱዳን ናቸው፣ እሱ የተወለደው ኢትዮጵያ ውስጥ ነው፣ ያደገው ደግሞ እዚሁ ቪክቶሪያ ሞርዌል ነው። በሃውቶርን ሹራብ በ2021 ከኋላ ኳስ ይዞ ሲወጣ ያያችሁ ታውቃላችሁ፤ እንደ ሚዳቋ ነው። ከዚያ ጉዳት እየደጋገመ አሠረው። ወጣቶች ስለሱ ሲያወሩ «ተስፋ ነበረው» ይላሉ። ነበረው? ለምን «ነበረው» ይባላል?

ሦስተኛው ነጥቤ ጭንቅላት ነው። እዚህ ላይ አጭር እሆናለሁ፤ ምክንያቱም እዚህ ላይ የሚያከራክር ነገር አይታየኝም። በፊት ጭንቅላቱን የተመታ ተጫዋች ውሃ ይደፋበትና ይመለስ ነበር፣ እኛም ጀግና እንለው ነበር። አሁን ሊጉ ቢያንስ 12 ቀን እንዲያርፍ ያዝዛል። ይህም በከንቱ አልመጣም። ፖሊ ፋርመር የዚህ ጨዋታ ታላቅ ሰው ነበር፤ ከሞተ በኋላ አንጎሉ ሲመረመር በተደጋጋሚ ምት የሚመጣው የአንጎል በሽታ ተገኘበት። ዳኒ ፍራውሊም፣ ሼን ታክም እንደዚሁ። ታክ ሲሞት 38 ዓመቱ ነበር። ሄዘር አንደርሰን በሴቶቹ ሊግ በ2017 ዋንጫ የበላች ልጅ ናት፤ በ28 ዓመቷ ሞተች፣ እሷም ላይ ተገኘ። የሜልበርኑ ኤንገስ ብሬሾ በ2023 ማጣሪያ ላይ ተመትቶ ወደቀ፣ በሚቀጥለው የካቲት በ28 ዓመቱ አቆመ። የኛው ሊያም ፒከን፣ በ2016 ፍጻሜ ሦስት ግብ ያገባው፣ በ2018 በወዳጅነት ጨዋታ ተመትቶ ዳግም አልተጫወተም። ስለዚህ ደጋፊ ወገኖቼ፣ እለምናችኋለሁ፤ ሐኪሙ ተጫዋቹን በምርመራ ሲያስወጣው አትጩኹ። ጨዋታው ቢጠፋም አትጩኹ። ጉልበት ከራሱ አካል በተወሰደ ጅማት ይጠገናል፣ አጥንት በብረት ይያያዛል። አንጎል ምን ይደረጋል?

አንዳንድ ሰው ደግሞ «ጨዋታው እንዲህ ነው፣ ዕጣ ነው» ይላል። ዕጣ አይደለም። አንድ ነገር ልንገራችሁ። መሀል ሜዳ ላይ ዳኛው ኳስ ሲያነጥር ሁለቱ ረጃጅም ተጫዋቾች እየተንደረደሩ መጥተው በአየር ላይ ጉልበት ለጉልበት ይጋጩ ነበር፤ የጉልበታቸው የኋላ ጅማት ይበጠስ ነበር። በ2005 ምን ተደረገ? መሬቱ ላይ 10 ሜትር ስፋት ያለው ክብ ተሠመረ። ከዚያ ክብ ውጭ ተነሥተህ መንደርደር አትችልም። በቃ፣ አንድ የኖራ መሥመር ነው። ያ ጉዳት ቀነሰ። አንድ የኖራ መሥመር የስንት ልጅ ጉልበት አዳነ!

ይህን ያነሳሁት ለእናንተ ለወላጆች ነው። ሴቶች ልጆቻችን አሁን ይጫወታሉ። የሴቶቹ ሊግ በ2017 ከተጀመረ ወዲህ በየሰፈሩ ክለብ የሴት ልጆች ቡድን አለ፤ የኔም ልጅ እዚያ ናት። በሴቶቹ ያ የጉልበት የፊት ጅማት የሚበጠሰው ከወንዶቹ በብዙ እጥፍ ነው። ስሙኝ እናቶች፣ አታስወጧቸው! ይህን ያነሳሁት አስወጧቸው ልላችሁ አይደለም። ሊጉ ፕሬፕ ቱ ፕሌይ የሚባል የማሟሟቂያ ልምምድ አዘጋጅቷል፤ እንዴት እንደሚዘለል፣ እንዴት እንደሚወረድ፣ እየሮጡ እንዴት አቅጣጫ እንደሚቀየር የሚያስተምር ነው። እኛ ግን ልጆቹን ጨዋታው ሊጀመር ሲል ነው የምናደርሳቸው። መኪና ማቆሚያ እንፈልጋለን፣ ቡና እንገዛለን፣ ልጅቷ ቀዝቃዛ እግሯን ይዛ ሜዳ ትገባለች። ከሃያ ደቂቃ በፊት አድርሷቸው። ሃያ ደቂቃ! ልጃችሁ «ጉልበቴ ጠቅ አለኝ» ካለች ደግሞ «ትንሽ አሽተሽ ግቢ» አትበሏት። እኔ ያንን ያለ ቤት ውስጥ ነው ያደግሁት።

ልጄ፣ ነይ እስኪ ወደዚህ። አትፈሪ፣ ሁሉም የሚያውቁሽ ናቸው። አሁን እሷ ታሳያችኋለች። ከዚህች ደረጃ ላይ ትዘላለች። ሁለቴ ነው የምትዘለው፤ መጀመሪያ ሳትማር በፊት እንደምትወርደው፣ ቀጥሎ አሰልጣኟ እንዳስተማረቻት። እናቶች ከኋላ ያላችሁ ቁሙና እዩ። ፊቷን አትዩ፣ ጉልበቷን ነው የምታዩት። ሲወርድ ወደ ውስጥ ይገባል ወይስ ከጣቷ ጋር ይስተካከላል? ጉልበቷን እዩ። በይ፣ ዝለይ።